ኖርም ስበሪ ተብያለሁ፣ እናቴ ላይ ልሞክረው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ሶስቱ ከሀዋሳ ናቸው፣ ሶስቱም ስለ ኦንላይን ሶሾሎጂ ኮርስ። ተነጋግረው ይሁን ሳይነጋገሩ አናውቅም፣ ብቻ አንድ ላይ ብንመልሳቸው ይሻላል ብለን አንድ ላይ አደረግናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ አዘጋጆች። አቶቴ አካባቢ ያለ አንድ ፔንሲዮን ውስጥ ሪሴፕሽን ነኝ፣ የማታ ሽፍት ስለሆንኩ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ እንግዳ የለም፣ ዝም ብዬ ቲክቶክ ላይ ከማፈጥ ብዬ ከውጭ አንድ ነፃ የሶሾሎጂ መግቢያ ኮርስ ጀመርኩ። ዲግሪዬ አካውንቲንግ ነው ግን ወደ ሶሻል ወርክ መግባት ነው የምፈልገው። መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር፣ አሁን ግን አሳይመንት መጣ፣ አንድ ኖርም፣ ማለትም ሰው ሳይጻፍ የሚከተለውን የማህበረሰብ ልማድ፣ ስበሩና ሰዉ ያደረገውን ጽፋችሁ አስገቡ ይላል። ምሳሌው ሊፍት ውስጥ ገብታችሁ ፊታችሁን ወደ ጀርባው ግድግዳ አዙራችሁ ቁሙ ነው። እኛ ቤት ሊፍት የለም፣ ደረጃ ነው። ሌላው ምሳሌ ደግሞ በገዛ ቤታችሁ እንደ ተከራይ ሁኑ ይላል፣ እናቴ ላይ ልሞክረው አስቤ ደም ግፊት ስላለባት ፈራሁ። ለመሆኑ እዚህ አገር ኖርም ተሰብሮ በሰላም ይታደራል? ምን ላድርግ?
የማታ ሽፍቷ

መልስ፦ እህታችን፣ በመጀመሪያ እናትሽን ተዪያቸው። እንደ ተከራይ ሁኑ የሚለውን ያመጣው ሃሮልድ ጋርፊንክል የሚባል፣ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ (ዩሲኤልኤ) ያስተምር የነበረ አሜሪካዊ ሶሾሎጂስት ነው። ተማሪዎቹን ከ15 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ቤተሰባችሁ መሃል እንደ ተከራይ ሆናችሁ ቆዩ፣ በጣም ጨዋ ሁኑ፣ ካልተጠየቃችሁ አታውሩ ብሎ ላካቸው፣ የሆነውንም እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ አወጣው። ቤተሰቡ ደነገጠ፣ አንዳንዱም ተቆጣ፣ አሞሃል ወይ፣ ትምህርት በዛብህ ወይ፣ ከእጮኛህ ጋር ተጣልተህ ነው ወይ ተባለ። እኛ ሰፈር ቢሆን በማግስቱ ጠበል ነው። ግን አየሽ፣ የአሳይመንቱ ቁም ነገር መስበሩ አይደለም፣ ሰዉ ለተሰበረው ነገር እንዴት ባንድ አፍታ ምክንያት ፈልጎ እንደሚጠግነው ማየት ነው። እሱን ለማየት ደግሞ እናት ማስደንገጥ አያስፈልግም።

ኮርሱ ላይ ፎክዌይስ እና ሞርስ የሚሉ ነገሮች ሳያጋጥሙሽ አልቀሩም፣ አሜሪካዊው ሶሾሎጂስት ዊልያም ግራሃም ሰምነር እ.ኤ.አ. በ1906 ያስለመዳቸው ናቸው። ፎክዌይ ብትጥሺው ምን ነካት ተብሎ የሚሳቅብሽ የየዕለቱ ልማድ ነው፣ ሞርስ ግን ብትጥሺው ነውር የሚሆን፣ ሰው የሚቀየምሽ፣ ከዛም ሲያልፍ ሽማግሌ ካልገባ የማይበርድ። አንቺ የመጀመሪያው ላይ ብቻ ነው መጫወት ያለብሽ። ለቅሶ ቤት፣ ቤተክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ለትልቅ ሰው ተነስቶ ሰላም ማለት፣ እነዚህን እንዳትነኪ፣ ለአስር ነጥብ ብለሽ እድር ሙሉ ሰው አታስቀይሚ።

እኔ ብሆን «እንብላ»ን ነው የምመርጠው። ማታ ሽፍት ስትቀያየሩ ጥበቃውና የጽዳት ልጆቹ ሽሮ ከበው ሲበሉ በዛ ስታልፊ እንብላ ይሉሻል አይደል፣ አንቺም ከጠዋት ጀምሮ እህል ባትቀምሺም እንኳን ብሉ ብሉ አሁን ነው የበላሁት ትያለሽ፣ ኧረ በሞቴ ይሉሻል፣ ኧረ ጠግቤ ነው ትያለሽ፣ ከዛ ሶስተኛው ላይ ወይ ትቀመጫለሽ ወይ ትሄጃለሽ። ማንም አላስተማረሽም፣ ግን ስንተኛው ላይ እሺ እንደሚባል ታውቂያለሽ። አንድ ማታ ታዲያ ገና የመጀመሪያዋ እንብላ ስትባል እጅሽን ታጠቢና ቁጭ ብለሽ ጉረሺ። ከዛ አይንሽን ክፈቺ፦ ማነው ቀድሞ የሳቀው፣ ማነው ፈጥኖ ቦታ የለቀቀልሽ፣ እንጀራው እንዳያንስ ሰርቆ ያየ ማነው፣ «ዛሬ በጣም ርቧት ነው» ብሎ ምክንያት የሰጠልሽስ ማነው። ያ ምክንያት የሰጠልሽ ሰው ነው የአሳይመንትሽ ልብ። ካፌ ውስጥ የሂሳብ ግብግቡም ይሆናል፣ ጓደኛሽ ገና ቦርሳዋን ስትነካ እኔ ልክፈል ሳትዪ «እሺ ክፈዪ» ብለሽ ዝም፣ ብሩን በኋላ በቴሌብር ትልኪላታለሽ።

ሲያልቅ ለሰዎቹ ትምህርት ነው ብለሽ ንገሪያቸው፣ ስማቸውንም አትጻፊ፣ ይሄ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሙያው ደንብ ነው። ስትጽፊ ደግሞ «ሰዎቹ በጣም ተገረሙ» ብለሽ አትዝጊው፣ እሱ ዜሮ መረጃ ነው፣ ማን ምን አለ፣ ስንት ሰው ነበር፣ ከሳቁ በኋላ ወሬው ወዴት ዞረ፣ እሱን ጻፊ፣ ያውም በዛችው ሌሊት ሳይረሳሽ፣ መቼም ሪሴፕሽን ላይ ወረቀት አይጠፋም። ብዙ ነፃ ኮርስ ላይ ነጥብ የሚሰጡሽ እንዳንቺው ያሉ ተማሪዎች ናቸው፣ ስለዚህ ማኒላ ላለ ሰው እንብላ ምን እንደሆነ በሁለት መስመር አስረጂው። የሊፍቱንም ነገር እርሺው፣ ሊፍቱ የነሱ ምሳሌ ነው፣ አንቺ ሃሳቡን ያዢና ምሳሌውን ከራስሽ ሰፈር አምጪ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በታቦር ክፍለ ከተማ ነዋሪ የሆንኩ ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ልጄ ማታ ማታ በስልኳ ሶሾሎጂ እማራለሁ ትላለች። አንዳንዴ አጠገቧ ሆኜ እሰማለሁ፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ሰፈር፣ ስለ ስራ ነው የሚወራው። ይህ ቡና ላይ ሁላችንም የምናወራው አይደለም ወይ? በእንግሊዝኛ ስለተባለ ሳይንስ ሆነ? ሁለተኛ፣ በመጨረሻ የሚሰጣት ወረቀት ለስራ ይጠቅማታል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ሁለተኛውን ላስቀድም፣ አጭር ስለሆነ። ነፃ ኮርስ ሲያልቅ የሚመጣው ሰርተፊኬት ዲግሪ አይደለም፣ ክሬዲትም አይደለም፣ ሲቪ ላይ አንዲት መስመር ትሆናለች፣ ከዛ በላይ ተስፋ አታድርጉበት። ልጅዎ ወደፊት ከፍላ በኦንላይን ዲግሪ ልማር ካለች ግን ብር ከመውጣቱ በፊት ተቋሙ ለዛ ፕሮግራም፣ በዛ የማስተማሪያ መንገድ፣ ከትምህርትና ስልጠና ባለስልጣን ፈቃድ እንዳለው ትጠይቅ። መደበኛውን ለማስተማር ፈቃድ ያለው ሁሉ ለኦንላይኑም አለው ማለት አይደለም።

ወደ ቡናው ልመለስ። ቡና ላይ የሚወራው ሁሉ ልክ ቢሆን ኖሮ ሶሾሎጂ ባላስፈለገ ነበር፣ ግን አይደለማ። ስራ የሚገኘው በማን ነው ብለው ቢጠይቁ ሰፈሩ በሙሉ በቅርብ ዘመድ ነው ይልዎታል። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል ሶሾሎጂስት ቦስተን አጠገብ ባለች ኒውተን በምትባል ከተማ በሰው በኩል ስራ ያገኙ ባለሙያዎችን ያንን ሰው ምን ያህል ጊዜ ታገኙት ነበር ብሎ ጠየቀ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 አሳተመው። በሳምንት ሁለቴና ከዛ በላይ የሚያገኙት ሰው ነው የነገረን ያሉት ከመቶ 16.7 ብቻ ናቸው። 55.6ቱ አልፎ አልፎ በሚያገኙት ሰው፣ 27.8ቱ ጭራሽ በዓመት አንዴ ወይ ከዛም ባነሰ በሚያገኙት ሰው። ምክንያቱ ሲታሰብ ቀላል ነው፣ የቅርብ ሰው የሚያውቀውን እርስዎም ያውቁታል፣ አዲስ ወሬ የሚመጣው ከሩቁ ነው። ይሄ ሀዋሳም ላይ ይሰራል ብዬ አልምልልዎትም፣ ኒውተን ሌላ ሀዋሳ ሌላ፣ ግን ለልጅዎ ግሩም ስራ ነው፣ እድራችሁ ውስጥ ያሉትን ስራህን ማን ነገረህ ብላ ትጠይቅ፣ እርስዎ ደግሞ ካርታውን ያውጡላት።

ሌላም አለ፣ ይሄኛው እኔን ያናድደኛል። የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2016 ከተከፈተ ጀምሮ ከገጠር መጥተው ስለሚሰሩት ሴት ልጆች ቡና ላይ ምን ሲባል ነው የከረመው? ሰነፎች ናቸው፣ ስራ አይወዱም፣ ሁለት ወር ሰርተው ይጠፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የልብስ ፋብሪካዎቹን መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር ነው ያስቀመጠው። ቤት ኪራይ ከፍለው፣ በልተው፣ ለቤተሰብ ልከው ስንት ይቀራል? እሱ ሳያንስ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ የአፍሪካ እቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ስርዓት፣ አስወጣች፣ ከቀረጥ ነፃ መግባት ቀረ፣ ትዕዛዝ ቀነሰ፣ ልጅቷ ከስራ ወጣች። እናቷ እድሏ ነው ይላሉ፣ ጎረቤት ጠባይዋ ነው ይላል፣ ውሳኔው ግን የተፈረመው ዋሽንግተን ነው። ራይት ሚልስ የሚባል አሜሪካዊ ሶሾሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1959 የጻፈው ይሄንኑ ነው፦ 100 ሺህ ሰው ባለበት ከተማ አንድ ሰው ብቻ ስራ ቢያጣ የሰውየውን ጠባይና ችሎታ እንመርምር፣ 50 ሚሊዮን ሰራተኛ ባለበት አገር 15 ሚሊዮኑ ስራ ፈት ከሆነ ግን የአንድን ሰው ጠባይ መመርመር ከንቱ ድካም ነው። ልጅዎ ከኮርሱ ይቺን ብቻ ይዛ ብትወጣ እንኳን ሌሊቱን በከንቱ አላመሸችም።

ኦንላይን መሆኑ ካሳሰብዎት ደግሞ ሶሾሎጂስቶቹ ራሳቸው ተከራክረውበታል። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው ሚቸል ዱኔየር እ.ኤ.አ. በ2012 የሶሾሎጂ መግቢያን በነፃ ኦንላይን ሲያስተምር ወደ 40 ሺህ ሰው ተመዘገበለት፣ በሶስት ሳምንት ውስጥ በማስተማር ዘመኑ ሁሉ ካገኘው የበለጠ አስተያየት አገኘሁ ብሎ ነበር። በዓመቱ ግን ተወው፣ ትምህርቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ የመንግስት ዩኒቨርሲቲዎችን በጀት መቁረጫ ሰበብ እንዳይሆን ሰግቶ ነው። ሰውየው ሙያውን በራሱ ኮርስ ላይ ሞከረው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ እኔ ቀን ባጃጅ ነው የምሰራው፣ ማታ ኦንላይን ሶሾሎጂ። ማርክስ፣ ዱርካይም፣ ዌበር ተምታተውብኛል፣ ኩዊዝ ላይ ሁሌ አንዱን ባንዱ እቀይራለሁ። ደግሞ ቪዲዮው ይፈጥናል፣ ዳታም ይጨርስብኛል። ባጭሩ መልሱልኝ።

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሐይቁ ዳር አሳ ገበያው፣ አሞራ ገደል፣ ጠዋት ሰው አድርሰህ ታውቃለህ፣ ሶስቱንም እዛው አቁማቸው። ጀልባዎቹ ይገባሉ፣ ልጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን አሳ ይልጣሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ጭንቅላትና አንጀት ሲጣል ይሻማሉ። ማርክስ መጥቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጀልባውና መረቡ የማነው ብሎ ነው፣ ሌሊቱን ውሃ ላይ ያደረው ልጅ ነው ወይስ ቤቱ ተኝቶ ያደረው ባለመረብ፣ ከሽያጩስ ማን ስንት ወሰደ። ዱርካይም ደግሞ አንዱ ሲያጠምድ፣ አንዱ ሲልጥ፣ አንዷ ስትጠብስ፣ አንተ ባለባጃጁ ሆቴል ስታደርስ ያይና ይሄ ሁሉ የማይተዋወቅ ሰው እንዴት ሳይበታተን አንድ ላይ ዋለ ይላል፣ መልሱም ስራው ስለተከፋፈለ አንዱ ያለ አንዱ መዋል አይችልም ነው፣ እሱን ኦርጋኒክ ሶሊዳሪቲ (ትስስር) ይለዋል፣ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. የ1893 ነው። ሁሉም አንድ አይነት ስራ የሚሰራበት፣ አንድ አይነት እምነት የሚያምንበት የገጠር ቀበሌ ደግሞ ሜካኒካል ሶሊዳሪቲ ነው። እዚህ ጋ ነው ሰው የሚሳሳተው፣ ሜካኒካል ሲባል ማሽን፣ ፋብሪካ፣ ከተማ ይመስላላ፣ ግን ተቃራኒው ነው።

ዌበር ዝም ብሎ ቆይቶ አሳ በጾም ለምን እንዲህ ይፈለጋል ብሎ ይጠይቃል። በጾም አሳ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር የእምነት ክርክር ነው፣ ግን የአሞራ ገደልን ገበያ ያንቀሳቅሰዋል። ሰው ለሚያደርገው ነገር ራሱ የሚሰጠው ትርጉም ኢኮኖሚውን ይገፋዋል ነው ጨዋታው፣ ስለ ፕሮቴስታንቶችና ስለ ካፒታሊዝም እ.ኤ.አ. በ1904 እና 1905 የጻፈውም በዚሁ መንገድ ነው። ቀበሌ ሄደህ ማህተም ያዢው የለም ነገ ና ስትባልም እሱን አስታውሰው፣ ቢሮክራሲም የሱ ርዕስ ነው። መስራቹ ማነው የሚል ከመጣ ኦገስት ኮምት ብለህ ምረጥ፣ የሰሜን አፍሪካው ሊቅ ኢብን ኻልዱን እ.ኤ.አ. በ1377 ስለ ማህበረሰብ ትስስር ጽፎ ነበር ግን ኩዊዙ ብዙ ጊዜ እሱን አይጠይቅም።

ስለ ፍጥነቱ፣ ክራሽ ኮርስ የሚባሉት የዩቲዩብ ቪዲዮዎች ከሆኑ እውነትህን ነው፣ ይሮጣሉ፣ ዩቲዩብ ላይ ፍጥነቱን 0.75 አድርገውና የጽሑፍ መግለጫውን ክፈት። ስለ ዳታው፣ ዋይፋይ ያለበት ስትገባ ኦፕንስታክስ ከሚባለው፣ የራይስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮጀክት ነው፣ የሶሾሎጂ መግቢያ መጽሐፉን 3ኛ እትም በፒዲኤፍ አንዴ አውርደው፣ ነፃ ነው፣ ከዛ በኋላ ተራ ስትጠብቅ ያለ ኢንተርኔት ታነበዋለህ። 21 ምዕራፍ ነው፣ ሶስቱ ሰዎች ምዕራፍ 1 ላይ አሉ። የዬል ዩኒቨርሲቲ ስለ ማህበራዊ ንድፈ ሐሳብ 25 ሌክቸሮችም በነፃ አሉ፣ በጣም ጥሩ ናቸው ግን ሆብስ ከሚባለው፣ ከሶስቱም በፊት ከነበረ እንግሊዛዊ ፈላስፋ ነው የሚጀምሩት፣ ኩዊዝህን ሳታልፍ እንዳትከፍታቸው።