ከመርካቶ ወደ ጀፎሮው

ጥያቄ

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፤

ዕድሜዬ 46 ነው። መርካቶ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያደግሁበት ገበያ ቢሆንም አሁን አሁን ጠዋት ሱቁን ስከፍት ደረቴን ይጨንቀኛል። ግብሩ፣ ኪራዩ፣ ዱቤ ወስዶ የተሰወረው ደንበኛ፣ ዕረፍት የማይሰጠው ስልክ፤ ሌሊት በሕልሜ እንኳ ሒሳብ እሠራለሁ። በየዓመቱ ለመስቀል ጉራጌ፣ እዣ፣ ወላጆቼ ቤት እገባለሁ። የመንደራችን የጋራ ሜዳ በሆነው ጀፎሮ ላይ ተቀምጬ ያንን ሰፊ ሣር ሳይ እዚያው መቅረት ያምረኛል። ዘንድሮ አላስችል ብሎኝ «ሱቁን ለሰው ለቅቄ አገሬ ልግባ» ብዬ ለባለቤቴ ነገርኋት። እሷ ኮልፌ ተወልዳ ያደገች ናት። «በደኅና ግባ፤ እኔና ልጆቹ ለመስቀል እንመጣለን» አለችኝ። ቀልዷን ይሁን ምሯን አልገባኝም። የአባታችንን ይዞታ የያዘው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ለእሱ ገና አልነገርሁትም። ሸሽቻለሁ ወይስ ልክ ነኝ?

የመርካቶው ነጋዴ

መልስ

ውድ ጠያቂዬ፤

ባለቤትዎ የቀለዱ አይመስለኝም። እንዲያውም ከሁለታችሁ የገጠሩን ኑሮ በትክክል የገመቱት እርሳቸው ናቸው።

እርስዎ የሚናፍቁት እዣ የመስከረሙ ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ፣ ዘመድ ከየከተማው ተሰብስቦ፣ ሰንጋ ተጥሎ ያዩት። ከክትፎው ጋር የሚቀርብልዎ ቆጮ ግን የበዓል ሰሞን ሥራ አይደለም። እንሰት እንደ ዝርያውና እንደ ቦታው ከፍታ ለመድረስ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጅበታል፤ በመካከሉም እየተነቀለ ሌላ ቦታ ይተከላል። ሲደርስ የሚፍቁት፣ አምቾውን (ከመሬት ሥር ያለውን ወፍራም ክፍል) የሚቀጠቅጡት፣ ጉድጓድ ቀብረው ለሳምንታትና ለወራት የሚያብላሉት ሴቶች ናቸው። ወንዱ ቆፍሮ ይተክላል፤ ፋቂነቱ በልማድ የእሱ አይደለም። ታዲያ «ቀላል ኑሮ» ያሉት ለማን ነው የሚቀለው? ባለቤትዎ ካልመጡ ሸክሙ በወንድምዎ ሚስት ላይ ይጨመራል ማለት ነው። (እርሳቸውንም ያማከራቸው የለም።)

ደግሞም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 አይሸጥም አይለወጥም ብሎታል። የሱቁን ገንዘብ ይዘው አዲስ እርሻ አይገዙበትም። የሚገቡት ወንድምዎ ለዓመታት ፍግ ሲያጠግበው በኖረው ጓሮ ላይ ነው። ተክሉን አጠውልግ በሽታ ቢገባው መድኃኒት የለውም፤ የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ መሣሪያውን በእሳት ማጽዳት ነው። ያንን የሚያውቀው እሱ ነው። ይህን ሁሉ ለባለቤትዎ ከመንገር በፊት ለእሱ መንገር ይገባ ነበር።

ስለ ጸጥታውም አንድ ነገር ልበል። ጀፎሮ የብቻ መቀመጫ ሆኖ አያውቅም። ከብቱ የሚግጥበት፣ ለቅሶው የሚለቀስበት፣ ሰርጉ የሚጨፈርበት፣ ሽማግሌው የሚቀመጥበት የጋራ ሜዳ ነው። ከመርካቶ የተመለሰ ነጋዴ ደግሞ ለመዋጮውም ለሽምግልናውም ቀድሞ ይጠራል። መርካቶ ሳሉ ስልክዎን ማጥፋት ይችላሉ፤ ደጅዎ ቆሞ ስምዎን የሚጠራ ሽማግሌ ግን አይጠፋም።

አይግቡ ማለቴ አይደለም። ናፍቆትዎ እውነት ነው፤ ሣሩም እውነት ነው። ይልቅ ሱቁን ሳይለቁ ለሚያምኑት ሰው አደራ ብለው ሐምሌን ሙሉ እዚያ ይክረሙ። እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ቤተሰብ፤ ጭቃውን ረግጠው፣ ጓሮውን ቆፍረው፣ ያለ ክትፎ። ወንድምዎ ምን ያህል ቦታና ምን ዓይነት እጅ እንደሚፈልግ በዚያው ይነግርዎታል። ቤቱ በየዓመቱ በመርካቶ ገንዘብ የሚደገፍ ከሆነም ያ ገንዘብ ሲቀር ምን እንደሚተካው አብራችሁ አስሉት። ከክረምቱ በኋላም ልብዎ እዚያው ካለ፣ ዓመቱን ለሁለት ከፍሎ መኖር ባለቤትዎም እሺ የሚሉት መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ይጠይቋቸው።

ደረቴን ይጨንቀኛል ያሉትን ግን ለሐምሌ አያሳድሩት። በዚህ ሳምንት ሐኪም ይየው።