መልስ፦ የጾም ኬክና ማኪያቶ በሁዳዴ

እህቴ፣ «ሥጋና ወተት ትቻለሁ፤ ግን የጾም ኬክና የጾም ማኪያቶ ሳማርጥ ስለምውል ጾሙ ምንም አልለወጠኝም» ብለሽ ለጠየቅሽው፦

ኬኩ ጾምሽን አያፈርሰውም። ግን እነዚህ 55 ቀናት የተሰጡን ምግብ ለመቀየር ብቻ አይደለም፤ ሥጋችን ለነፍሳችን መታዘዝን እንዲለምድ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስትቆዪ የሚሰማሽ ረሃብ ራሱ አስተማሪ ነው። ሰው ያለ እግዚአብሔር ምን ያህል ደካማ እንደሆነ የሚገባው ያኔ ነው። (ሕመም ካለብሽ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ስለ ሰዓቱ የንስሐ አባትሽን አማክሪ።)

ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 ላይ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ እንደሆነ ተጽፏል። እኔም ከዚያ ተነሥቼ የቁርሴን ብር ለብቻው አስቀምጥና ቅዳሜ ቅዳሜ ለነዳያን እሰጣለሁ። ብሩ ትንሽ ነው፤ ግን የእኔ ረሃብ ለሌላ ሰው ምሳ ይሆናል። ማታ ከጸሎት በፊት ስልኬን ሌላ ክፍል አኖራለሁ፤ ዓይንም አንደበትም ይጾማሉና። እስካሁን ያስቸገረኝ ሐሜት ነው፤ ሁለት ወር ሙሉ ሽሮ ከመብላት ይልቅ አንድ ቀን ስለ ሰው አለማውራት ይከብዳል።

አንቺ በአንድ ነገር ጀምሪ። ይህ ሳምንት መጻጉዕ ነው፤ ጌታ ለብዙ ዓመታት ታሞ የተኛውን ሰው መፈወሱ የሚታሰብበት ሳምንት ማለት ነው። ስለዚህ የታመመ ዘመድ ወይም ጎረቤት ካለሽ፣ ማኪያቶ በምትጠጪበት ሰዓት ሄደሽ ጠይቂው።