ስለ ጠፍጣፋው ሌንስ ጠይቃችሁኛል፣ እነሆ መልሱ

ስለ ሜታሌንስ፣ ማለትም በጥቃቅን ምሰሶዎች ብርሃንን ስለሚሰበስበው ጠፍጣፋ ሌንስ፣ ብዙ ጥያቄ መጥቷል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሌንስ ጎበጥ ካላለ ብርሃንን እንዴት ይሰበስባል?

የለመድነው የማጉያ ሌንስ መሃሉ ወፍራም፣ ዳሩ ስስ ነው። ብርሃን በወፍራሙ በኩል ሲያልፍ ይበልጥ ይዘገያል። ስለዚህ ታጥፎ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል። ሜታሌንስ ላይ ይህን የማዘግየት ሥራ የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ ምሰሶዎች ናቸው። ቁመታቸው እኩል ነው። የሚለያዩት በውፍረት ነው፤ ወፍራሙ ብርሃኑን ይበልጥ ያዘገየዋል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ትልቅ አድርጎ መሥራት ምኑ ነው የሚከብደው?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው! ላቦራቶሪ ውስጥ ምሰሶዎቹን በኤሌክትሮን ጨረር አንድ በአንድ መሳል ይቻላል። ለትንሽ ሌንስ ችግር የለውም። ነገር ግን 10 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ሌንስ 18.7 ቢሊዮን ምሰሶ ይፈልጋል። አንድ በአንድ ተስሎ መቼ ያልቃል?

የአሜሪካው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጁን ሱ ፓርክ፣ ፌዴሪኮ ካፓሶና ባልደረቦቻቸው መፍትሔውን የኮምፒውተር ቺፕ ከሚታተምበት ማሽን አገኙት። ማሽኑ ንድፉን እንደ ፎቶ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ያትማል። ችግሩ፣ በአንድ ጊዜ የሚያትመው ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ሌንሱን 25 ቦታ ከፋፈሉት። ሌንስ ደግሞ ክብ ነው፤ አንዱን ክፍል ብታዞሩት ሌላውን ይሆናል። በዚህ ብልሃት 7 ንድፍ በቃቸው። ሕትመቱ በደቂቃዎች አለቀ። እኔ ይህን ሳነብ በጣም ነው የተደነቅሁት።

ውጤቱን በ2024 አሳተሙ። በሌንሱ ፀሐይን፣ ጨረቃንና ሰሜን አሜሪካ ኔቡላ የሚባለውን የጋዝ ደመና ፎቶ አንስተውበታል። ምሰሶዎቹ የተቀረጹት ከዚያው ከሌንሱ መስታወት ነው። ሌላ ነገር አልተለጠፈበትም። ሙቀትና ብርድ ሲፈራረቅበት ሁሉም አብሮ ይለጠጣል፣ አብሮ ይኮማተራል። ለሕዋ መሣሪያ የሚታሰበውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ እንደ ማኅተም እየመቱ ማባዛት አይቻልም?

ይቻላል። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ የፖስቴክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2023 ይህንኑ አሳይተዋል። መጀመሪያ አንድ ጥሩ ቅርጽ ይሠራል። ከዚያ ሙጫ መሰል ፕላስቲክ ላይ ይታተማል። ፕላስቲኩ ብቻውን ብርሃንን በደንብ ስለማያዘገይ ስስ የታይታኒየም ኦክሳይድ ሽፋን ይለብሳል። ለርካሽ ምርት እኔ ይበልጥ ተስፋ የማደርገው በዚህኛው ነው።

ጥያቄ፦ ገበያ ላይ አለ?

አለ። ከካፓሶ ላቦራቶሪ የወጣው ሜታሌንዝ የተባለ ኩባንያ ከቺፕ አምራቹ ኤስቲማይክሮኤሌክትሮኒክስ ጋር ሆኖ ከ2022 ጀምሮ ርቀት የሚለኩ ሴንሰሮች ውስጥ አስገብቶታል።

ጥያቄ፦ መነጽሬንስ መቼ ይተካልኛል?

እህቴ፣ ቶሎ አትጠብቂ። ሴንሰሩ የሚሠራው በአንድ ዓይነት ኢንፍራሬድ ብርሃን ስለሆነ ቀለም አያስቸግረውም። ዓይን ግን ሁሉንም ቀለም ይፈልጋል። ተራ ሜታሌንስ ቀዩን ቅርብ፣ ሰማያዊውን ራቅ አድርጎ ይሰበስባል። ምስሉ ዳር ዳሩ ላይ ቀለም እያወጣ ይደበዝዛል። ሌንሱ በሰፋ ቁጥር ደግሞ ይህን ማረም ይብሳል። ለጊዜው የመስታወት መነጽርሽን በደንብ ያዢው።