ጋላክሲ ከጓሮ፦ ከጎንደር የመጡ ጥያቄዎች

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ጋላክሲን (ግዙፍ የከዋክብት ክምችትን) ከጓሮ ፎቶ ስለማንሳት ጥያቄውም ይበዛል። ዛሬ አራቱን ልመልስ።

«አንድሮሜዳን በቴሌስኮፕ 30 ሰከንድ አነሳሁ። የወጣልኝ ጭጋግ ብቻ ነው። ዕቃው ተበላሽቶ ይሆን?» (ከአዘዞ)

ዕቃህ ደህና ነው። የአንድሮሜዳ ጋላክሲ እኮ ሰማይ ላይ ስድስት ሙሉ ጨረቃ ጎን ለጎን ቢደረደር የሚያህል ስፋት አላት። ረጅም ቴሌስኮፕ የሚያሳይህ እምብርቷን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ጭጋግ ይመስላል። ለእሷስ ባለ 200 ሚሊሜትር የካሜራ ሌንስ ይሻላል። አንድ ፎቶ አንስተህም አትተኛ። 100 አንሳና ዲፕስካይስታከር በሚባለው ነፃ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ደራርባቸው፤ የምስሉ ሻካራነት ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ጥቁሮቹ የአቧራ መስመሮች ያኔ ብቅ ይላሉ። ኅዳር አጋማሽ ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ሰማዩ ላይ ከፍ ብላ ታገኛታለህ።

«ማውንቴን (ቴሌስኮፑን ከኮከቦች ጋር የሚያዞረውን መቆሚያ) በሰሜን ኮከብ ላስተካክል ብል ኮከቡ የለም!»

አለ፣ ተሸፍኖብህ ነው። ጎንደር ከምድር ወገብ 12.6 ዲግሪ ላይ ስላለች ኮከቡም ከአድማስ በላይ ያንኑ ያህል ነው ከፍ የሚለው። ክንድህን ብትዘረጋ ከአንድ ጭብጥ ብዙም አይበልጥም። ተራራው ወይ የጎረቤት ቆርቆሮ ይበቃዋል። በኮምፓስ ወደ ሰሜን አዙርና ከፍታውን 12.6 ላይ እሰር። ከዚያ ደቡብ በኩል ከፍ ያለ ኮከብ ይዘህ ጠብቅ። ወደ ሰሜን ወይ ወደ ደቡብ ከሸሸ ማውንቱን በአግድም ትንሽ ነካ አድርግ። እስኪቆም ድገመው። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽህም።

«ጠመዝማዛ ክንዱ ጥርት ብሎ የሚታይ ጋላክሲ የቱ ነው?»

እዚህ ላይ አውሮፓውያን ይቅኑብን። ሚያዝያ አጋማሽ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ወደ ሰሜን ዙሪና ኤም51 የሚባለውን ጋላክሲ አንሺ። የአየርላንዱ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ሎርድ ሮስ በ1845 እ.ኤ.አ. ጠመዝማዛ ቅርጹን ያየው በዚሁ ጋላክሲ ላይ ነው። ከዚያ ፊትሽን ወደ ደቡብ መልሺ፤ ሌላው ጋላክሲ ኤም83 እዚያው ይጠብቅሻል። ለንደን ላይ ይሄኛው ከአድማስ ከፍ የሚለው 8 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ እኛ ዘንድ ከ47 ያልፋል።

«በስልክስ?»

ትራይፖድ ካለህ አንድሮሜዳን እንደ ደብዛዛ ነጠብጣብ ይይዛታል። ክንድ ግን አትጠብቅ።

ብርሃኑ ፎቶውን ስለሚያበላሸው የጎረቤት የበር አምፖልም የጠየቃችሁኝ አላችሁ። እኔ ጎረቤቶቼን ቡና ላይ ለመንኳቸው፣ ከዚያ በቴሌስኮፑ አሳየኋቸው። «ይቺን ጭስ ብላችሁ ነው?» አሉ። አምፖሉን ግን ያጠፉልኛል።