ሲሊኮኑን ማስወጣት የንስሐዬ ማሟያ ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ዐረብ አገር ስሠራ፣ ጡቴ ውስጥ ሲሊኮን አስገብቼ ነበር። ሕመም ኖሮብኝ አይደለም፤ አማረኝ፣ አደረግሁት። ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ ግራው እየጠጠረ ያመኛል። አንድ ጊዜ ተከፍቶ በሌላ ተተካ፤ ዳግም ጠጠረ። ሌሊት ብርዱ ሲበረታ ድንጋይ ታቅፌ የተኛሁ ይመስለኛል። ሐኪሙ «ሁለቱንም ብታስወጪ ይሻላል» ብሎኛል። ለንስሐ አባቴ ተናዝዤ ቀኖናዬን ፈጽሜአለሁ። ጎረቤቴ ግን «እርሱ ካልወጣ ንስሐሽ አይሞላም» ትለኛለች። ጻድቃኔ ማርያም ሱባዔ ገብቼ ያገኘኋቸው እናት ደግሞ «በጸበሉ ይሟሟል፤ ቢላዋ አታስነኪው» አሉኝ። ባለቤቴ «እንዳለ ይቆይ» ባይ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅታችን፣ መካሪዎችሽ በቅንነት ተናግረዋል፤ ተሳስተዋል ግን። ከጎረቤትሽ ልጀምር፤ የእርሷ ይብሳልና። ተናዘሻል፣ ቀኖና ተቀብለሽ ፈጽመሻል፣ ካህኑም «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለውሻል። ከዚያ ወዲያ በሐኪም እጅ የሚከፈል ቀሪ ዕዳ የለም። ንስሐ በቢላዋ የሚሞላ ቢሆን ኖሮ በዚህ አገር ለጌጥ አንገታቸውን የተነቀሱ እናቶቻችን ሁሉ ቆዳቸውን በተገፈፉ ነበር! ይህን የማጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ለቅጣት ብለሽ ከገባሽበት፣ ጠባሳውን ባየሽ ቁጥር የተሰረየልሽን ኃጢአት እንደገና ስትቆጥሪ ትኖሪያለሽ። የምታስወጪው ስለሚያምሽ ይሁን።

ጸበሉን በተመለከተ፣ እኔም ሸንኮራ ዮሐንስ ወርጄ የተጠመቅሁ ነኝና አልነቅፍም። ነገር ግን ንጉሥ ሕዝቅያስን አስቢ። እግዚአብሔር በነቢዩ አፍ «እፈውስሃለሁ» ብሎታል። ተስፋው ከተሰጠ በኋላ ኢሳይያስ ምን አለ? የበለስ ጥፍጥፍ አምጡ አለ፤ በእባጩ ላይ አደረጉለት፤ ዳነ። ነቢዩ መድኃኒት ማዘዙን የእምነት ጉድለት ያለው የለም። ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ይነግረናል።

የሕክምናውን ነገር ለማወቅ ጉባኤያችንን የሚከታተል አንድ የቀዶ ጥገና ሐኪም ጠይቄአለሁ። ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት ዙሪያውን በጠባሳ ይከበዋል፤ ይህ በሁሉም ላይ የሚሆን ነው። ችግሩ ጠባሳው ሲጨማደድና ሲያጠብቅ ነው፤ የአንቺ መጠጠር ከዚህ ሳይመጣ አይቀርም። አንድ ጊዜ የጠጠረ፣ ቢቀየርም ተመልሶ የመጠጠር ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ሲሊኮን ዕድሜ ልክ እንዲያገለግል ተብሎም አይሠራም። አንዳንዴ ውስጥ ለውስጥ ይቀደዳል፤ ባለቤቱም ላያውቀው ይችላል፤ በአልትራሳውንድ ወይም በኤም አር አይ ይታያል። ገጹ ሻካራ የሆነው ዓይነት ደግሞ ከአንድ ብርቅ ካንሰር ጋር ተያይዟል፤ የጡት ካንሰር ሳይሆን የበሽታ መከላከያ ሴሎች ካንሰር ነው። በሐምሌ 2011 ዓ.ም. የአሜሪካ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ጠይቆ፣ አለርጋን የተባለው አምራች አንዱን ሻካራ ዓይነት ከዓለም ገበያ የሰበሰበው በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም ምንም ምልክት የሌላት ሴት በፍርሃት ብቻ ታስወጣ አይባልም። አንቺ ግን ምልክት አለሽ። ስለዚህ ሲገባልሽ የተሰጠሽን ካርድ ፈልጊና ዓይነቱን ለሐኪሙ አሳዪ። ድንገት ካበጠ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ውኃ ቋጥሮ ከሆነ ተቀድቶ መመርመር አለበት። የጠጠረው ጠባሳ አብሮ ይወጣ እንደ ሆነ፣ ከወጣም በኋላ ጡትሽ ምን እንደሚመስል አስቀድመሽ ጠይቂ። ይህን መጠየቅ ከንቱ ውዳሴ አይደለም፤ ያላሰብሽው ነገር በኋላ እንዳያስደነግጥሽ ነው።

ባለቤትሽ «ሚስት በገዛ ሥጋዋ ላይ ሥልጣን የላትም» የሚለውን እንዳይጠቅስብሽ፤ ሐዋርያው ባልንም እዚያው እንዲሁ ብሎታል። ይልቅ ለኤፌሶን የጻፈውን ያንብብ፦ ማንም የገዛ ሥጋውን የሚጠላ የለም፣ ይመግበዋል ይከባከበዋል እንጂ። ሌሊት በሕመም የምትገላበጥ ሚስቱ ሥጋው ናት። ምናልባት እርሱም ቀዶ ጥገናውን ፈርቶ ይሆናልና በሚቀጥለው ቀጠሮ አብሮሽ ይግባ፤ ከሐኪሙ አፍ ይስማ።

እኔ ብትጠይቂኝ፣ ሁለት ጊዜ የጠጠረን ነገር ለሁለተኛ ጊዜ ከመቀየር ማስወጣቱ ይሻላል የሚለው የሐኪሙ ምክር ልክ ይመስለኛል። ውሳኔው ግን የአንቺ ነው።

ከወሰንሽ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ ጾም ላይ ከዋለ ለታመመ ሰው የሚፈቀደውን ይፈቅዱልሻል፤ መቼ እንደምትቆርቢም እርሳቸው ይወስናሉ። ቁስሉ ሳይጠግ ጸበል ውስጥ አትግቢ። በቀዶ ጥገናው ዕለት ጠዋትም ሐኪሙ ምንም አትቅመሺ ካለሽ፣ «ጸበል እኮ ምግብ አይደለም» ብለሽ እንዳትጎነጪ፤ ማደንዘዣ ሲሰጥ ከሆድ ያለው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። የዚያን ዕለት በቅዱስ ቅባት ግንባርሽን ይቀቡሽና ሂጂ።