ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ሲወድቁ፦ ማን ይጠየቃል፣ ቤቱስ ምን ይደረግ?

እህቴ፣ የ78 ዓመት እናትሽ ብቻቸውን እንደሚኖሩና ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ ደጋግመው እንደወደቁ ጽፈሽ፣ «ማንን ልጠይቅ? ቤቱንስ ምን ላድርገው?» ብለሻል።

ስልክ ከማንሳትሽ በፊት ምን ማድረግ እንዳቃታቸው፣ የትና በስንት ሰዓት እንደሆነ ወረቀት ላይ አስፍሪ። «ደክመዋል፣ እርጅና ነው» ካልሽ የምታገኚው መልስ «አይዞሽ» ብቻ ነው። «ከሶፋው ያለ ሰው አይነሱም፣ ወድቀው ስለፈሩ ገላቸውን መታጠብ ትተዋል፣ ሌሊት ሦስት ጊዜ ለሽንት ይነሳሉ» ስትዪ ግን ሰሚው ጉዳዩ የማን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። መታጠብ፣ መልበስ፣ ሽንት ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ መነሳት፣ መብላት፤ እርዳታ የሚሰጡ ቢሮዎች በአብዛኛው የሚመዝኑት በእነዚህ ነው። የከፋውን ቀን ንገሪያቸው እንጂ ደህናውን አይደለም። ከቢሮው ገምጋሚ ቤት ሲመጣም አብረሽ ተገኚ፤ ወላጆች እንግዳ ፊት ለብሰውና ቀና ብለው «ደህና ነኝ» ይላሉ፣ ማመልከቻውም እዚያው ይዘጋል።

አንድ ቁጥርም ያዢ። ከወንበር ተነስተው 3 ሜትር ሄደው፣ ዞረው ተመልሰው እስኪቀመጡ በሰዓት ለኪ። 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፈጀባቸው የመውደቅ ስጋት አለ። ስትለኪ አጠገባቸው ቁሚ።

መጀመሪያ የምትሄጂው የሚታከሙበት ክሊኒክ ነው። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ያለ ማዘዣ የተገዛውን ጭምር፣ በአንድ ፌስታል ይዘሽ ሂጂ። የእንቅልፍ፣ የግፊትና እንቅልፍ የሚያመጡ የአለርጂ መድኃኒቶች ብዙ ሰው ይጥላሉ። ግን ሐኪም ሳያይ አንዱንም እንዳታቋርጪ። ግፊታቸው ተኝተው፣ ከዚያም ከቆሙ ከ1 እና ከ3 ደቂቃ በኋላ እንዲለካ ጠይቂ፤ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ሌሊት የሚጥላቸው እሱ ሊሆን ይችላል። ፊዚዮቴራፒና ሶሻል ወርከር (የማህበራዊ ድጋፍ ባለሙያ) መኖሩንም እዚያው ጠይቂ። ሆስፒታል ተኝተው ከሆነ ደግሞ ሶሻል ወርከሩን ከመውጣታቸው በፊት አግኚ፤ ቤት ከገቡ በኋላ ወረፋ ጠባቂ ነሽ።

ማህበራዊ አገልግሎት ቢሮ ስትደውዪ እርዳታው ለማን እንደሚፈቀድ፣ ምን ሰነድ እንደሚያስፈልግና ወረፋው ስንት እንደሆነ ጠይቂ፤ ያነጋገረሽን ሰው ስምና ቀኑን መዝግቢ። «እኛ ጋ የለም» ካሉሽ «ታዲያ ይህን የሚሠራው ማነው?» ሳትዪ ስልኩን አትዝጊ።

ቤቱን ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ካለው መንገድ ጀምሪ። ምንጣፉ ይነሳ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ ትንሽ መብራት ይደረግ፣ ከኋላው ክፍት የሆነ ነጠላ ጫማ ተረከዙን በሚይዝ ጫማ ይተካ። ሲነቁ አልጋው ጠርዝ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ተቀምጠው ይነሱ። በመታጠቢያው ውስጥ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የፎጣ መስቀያን እንደ መደገፊያ በመቁጠር ነው፤ የሰው ክብደት ሲያርፍበት ይነቀላል። በአየር ተስቦ የሚጣበቀው መደገፊያም ሴራሚኩ ላይ ሳይታሰብ ይለቃል። መደገፊያው ብረት ጠንካራ ግድግዳ ውስጥ በፊሸርና በብሎን ይታሰር፣ ከዚያ አንቺ ራስሽ በሙሉ ክብደትሽ ተንጠልጥለሽ ሞክሪው። ቦይለሩን ከ49 ዲግሪ እንዳያልፍ አድርጊ፤ በ60 ዲግሪ ውሃ ቆዳ በሰከንዶች ይቃጠላል።

ከወደቁ ክንዳቸውን ይዛችሁ አትጎትቱ፣ ትከሻ ይወልቃል። ከባድ ሕመም ከሌለ በጎናቸው ዞረው፣ በአራት እግር ሆነው፣ የማይንሸራተት ወንበር ይዘው፣ ጠንካራውን እግር አስቀድመው ይነሱ። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነና ጭንቅላታቸው ከተመታ ግን ደህና ቢመስሉም ያን ጊዜውኑ ሆስፒታል ይሂዱ።

የአደጋ ጥሪ ቁልፍ (ሰውነት ላይ የሚደረግ፣ ሲጫኑት እርዳታ የሚጠራ) የምትገዢ ከሆነ ውሃ የማያበላሸው ይሁን፤ ሻወር ሲገቡ የሚያወልቁት ከሆነ በጣም በሚያስፈልግበት ቦታ የለም። በወር አንዴ ተጭናችሁ ሞክሩት። ስልኩም ወለል ላይ የወደቀ ሰው እጁ በሚደርስበት ዝቅ ያለ ቦታ ይቀመጥ።