ኩላንቱ የት ገባ? የሞተርሆም ጥያቄና መልስ

መኝታና ማብሰያ በተገጠመለት መኪና፣ በሞተርሆም፣ የምትጓዙ ሰዎች ስለ ኩላንት (ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ) ማፍሰስ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ዛሬ ልመልስ። ከሁሉም በፊት አንድ ልመና አለኝ። የሚያፈስበትን ቦታ በዓይናችሁ ሳታዩ ዕቃ አትግዙ። ራዲያተር፣ ውሃ ፓምፕ፣ ቴርሞስታት (በሙቀት የሚከፈት የኩላንት በር) ቀይረው ኩላንቱ አሁንም የሚጎድልባቸው ሰዎች አሉ። ያሳዝናል፤ ጥፋቱ አንድ የላላ ፋሸታ፣ ጎማውን ጫፉ ላይ የሚያስረው ቀለበት፣ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ በየጊዜው ኩላንት እጨምራለሁ። መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም። የት ነው የሚገባው?

መልስ፦ ወይ የጋለ ብረት ላይ እየተንጠባጠበ ይተናል፣ ወይ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ይቃጠላል፣ ወይ ደግሞ ዓይን የማይደርስበት ቦታ ይፈሳል። ሞተርሆም ከሆነ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የመጨረሻውን ነው። በተራ መኪና ኩላንት ከሞተሩ አካባቢ ብዙም አይርቅም። በብዙ ሞተርሆም ግን ኩላንት የሚያመላልስ ረጅም ጎማ (ቱቦ) በወለሉ ሥር አልፎ የኋላውን ማሞቂያ ይመግባል። የመታጠቢያውን ውሃ በሞተሩ ሙቀት የሚያሞቁም አሉ። ሞተሩ ከኋላ ከሆነ ደግሞ ጎማው ሾፌሩ ፊት ያለው ማሞቂያ ጋ ለመድረስ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጓዛል።

ስለዚህ ፍራሹን ያንሱ፣ የሶፋውን ሥር ይክፈቱ፣ ምንጣፉን በእጅዎ ይዳስሱ። እርጥበቱ ጣት ላይ ካሟለጨና ጣፋጭ ሽታ ካለው አገኙት። የፊት መስታወቱ ከውስጥ በኩል ቅባት መሰል ጉም ከያዘ፣ የማሞቂያውን ትንሽ ራዲያተር ይጠርጥሩ።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ዳስሼ ባጣውስ? ምን መሣሪያ ልያዝ?

መልስ፦ የእጅ ግፊት መሞከሪያ፣ መለኪያ ያለው ትንሽ የእጅ ፓምፕ። እኔ ከዚህ የሚበልጥ መሣሪያ አላውቅም። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲበርድ የራዲያተሩን ክዳን አውጥተው መሞከሪያውን በቦታው ይገጥሙታል። በሙቀቱ ክዳኑን እንዳይነኩ፤ የሚፈነዳው ውሃና እንፋሎት ፊት ይልጣል። ከዚያ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ግፊት አይተው እስከዚያው ብቻ ይምቱ። ብዙ ጊዜ 1 ባር አካባቢ ነው። 15 ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። መርፌው ከወረደ ኩላንቱ እየወጣ ነው።

አሁን ባትሪ ያብሩና ይፈልጉ። የጎማዎቹን ጫፎች ይዩ። የራዲያተሩ ፕላስቲክ ከአልሙኒየሙ የሚጋጠምበትን ጠርዝ ይዩ። ውሃ ፓምፑ ሥር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳም አይርሱ። ቀዳዳዋ ሆን ተብላ የተሠራች ናት፤ የፓምፑ ማሸጊያ (ሲል) ሲበላ ኩላንቱ በእሷ በኩል ወጥቶ ይደርቃል። ዙሪያዋ ቀለም ያለው ቅርፊት ካዩ ወይም ሲነኳት የሚንጠባጠብ ከሆነ ፓምፑ ጊዜው ደርሷል። ሞተሩ ከፊት ከሆነ መክደኛው ብዙ ጊዜ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሃል ነው። እሱን ካላነሱ ግማሹን ሞተር አያዩትም።

ክዳኑንም ለብቻው ያስፈትኑ። ግፊት የማይዝ ክዳን ኩላንቱ ቶሎ እንዲፈላ ያደርጋል፣ ወደ ውጭም ይተፋዋል።

ጥያቄ፦ ጠዋት ብርድ ሲሆን ብቻ ያንጠባጥባል። ሲሞቅ ያቆማል። ልጨነቅ?

መልስ፦ ይህ የፋሸታ ጠባይ ነው። ጎማና ብረት ሲበርዱ እኩል አይሰበሰቡም፤ መሃላቸው ክፍተት ይፈጠራል። በካቻቢቴ ማጥበቅ ለጊዜው ይረዳል። ደጋግሞ ማጥበቅ ግን ጎማውን ይቆርጠዋል፤ የሲሊኮን ጎማ ከሆነማ ወዲያው ይበላል። በስፕሪንግ ራሱን የሚያጠብቅ ፋሸታ ይግጠሙ። ከመግጠምዎ በፊት ጎማው የሚገባበትን የብረት አንገት በብርጭቆ ወረቀት ያጽዱ። ትንሽ ዝገት እንኳ መንገድ ይከፍታል።

ጥያቄ፦ የኤሲ ውሃ ይሁን ኩላንት በምን ልለይ?

መልስ፦ በነጭ ጨርቅ። የኤሲ ውሃ ቀለምም ሽታም የለውም። አደራ፣ በምላስዎ አይሞክሩት። ብዙ ኩላንት ውስጥ ያለው ኤትሊን ግላይኮል ገዳይ መርዝ ነው። ጣፋጭ ስለሆነ ልጆችንና ውሾችን ይስባል፤ የፈሰሰውን ቶሎ ያጽዱ።

ጥያቄ፦ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ተቃጥሎ ቢሆንስ?

መልስ፦ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቆም ነጭ ጭስ ይመልከቱ። ሞተሩ ገና ብርድ ሳለ፣ እንደተነሳ የራዲያተሩ የላይኛው ጎማ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ይህም ምልክት ነው። ማረጋገጫው መፈተሻ ፈሳሽ ነው፤ ከራዲያተሩ አፍ የሚወጣው አየር በውስጡ ሲያልፍ ሰማያዊው ወደ ቢጫ ከተለወጠ የቃጠሎ ጋዝ ገብቷል። ከዚያ በኋላ አይንዱት። ሲፈታም ቴስታታው መጣመሙን ሳያስለኩ አዲስ ጓርኒሲዮን አያስገጥሙ።

ጥያቄ፦ ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው መድፈኛስ?

መልስ፦ አልወደውም። ቀዳዳውን ሲደፍን የማሞቂያውን ቀጫጭን ቱቦዎችም ሊደፍን ይችላል።

ጥያቄ፦ ኩላንቱ አረንጓዴ ነበር፣ ሮዝ ልጨምር?

መልስ፦ ቀለም አይመኑ። ቀለሙ አንድ ሆኖ ቅመሙ የሚለያይ አለ። የመኪናው መጽሐፍ የሚያዘውን ዓይነት ይግዙ። ያልተቀላቀለ ከሆነ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ይደባልቁት፤ እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች አይረጋም። ትልልቅ ናፍጣ ሞተሮች ሲሊንደራቸው እንዳይበሳሳ ልዩ ቅመም ይፈልጋሉ፤ እዚህ ላይ አይቆጥቡ።

ጥያቄ፦ ጋራዥ በሌለበት መንገድ ላይ የኩላንቱ ጎማ ቢሰነጠቅ?

መልስ፦ ሞተሩን ያጥፉና እስኪበርድ ይጠብቁ። ራሱን በራሱ የሚያጣብቅ የሲሊኮን ቴፕ እየሳቡ ደጋግመው ይጠቅልሉ፤ ቦታው ደረቅ መሆን አለበት። የጎደለውን ይሙሉ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፣ በዝግታ ይንዱ። ዓይንዎ ከሙቀት መለኪያው አይነሳ። መርፌው ቀይ ከነካ ያቁሙ።

ጥያቄ፦ የኩላንቱን ጎማ ቀየርኩ፣ አሁን ደግሞ ሞተሩ ይግላል። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ አየር ታስሮ ይሆናል። ጎማዎቹ ረጅም ስለሆኑ ሞተርሆም አየር ይይዛል። የራዲያተሩ አፍ ከፍ እንዲል መኪናውን ዳገት ላይ ያቁሙት። ሞተሩ ብርድ ሳለ ክዳኑን ከፍተው፣ የፊቱንም የኋላውንም ማሞቂያ ሙቅ ላይ አድርገው ያስነሱት። የአየር ማስወጫ ብሎን ካለው አረፋ የሌለው ኩላንት እስኪወጣ ያላሉት። ቴርሞስታቱ ሲከፈት ደረጃው ድንገት ይወርዳል፤ ያኔ ይሙሉና ይክደኑ። በማግስቱ ጠዋት በብርዱ ደግመው ይለኩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ይጎድላል።